ቤተሰብ፣ ልጅና ሱስ፦ ለጠየቃችሁኝ ጥያቄዎች መልስ

ቅርርብ ያለው ቤተሰብ ልጆችን ከሲጋራ፣ ከአልኮልና ከዕፅ እንዴት እንደሚጠብቅ ጠይቃችሁኛል። ደጋግማችሁ ባነሳችሁት ልጀምር። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ስልኩንና ቦርሳውን ብፈትሽ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ከፍተሻው ይልቅ እሱ ራሱ የሚነግርዎት ይበልጣል። ሃካን ስታቲንና ማርጋሬት ኬር የተባሉ ተመራማሪዎች ስዊድን ውስጥ በ14 ዓመት ልጆችና በወላጆቻቸው ላይ ያደረጉት ጥናት በ2000 ወጥቷል። ወላጆች የልጃቸውን ውሎ ያወቁት በአብዛኛው ልጁ በፈቃዱ ስለነገራቸው ነው፤ ስለተከታተሉት አይደለም። ስለዚህ እኔ የምጠይቅዎ፣ ልጅዎ እውነቱን ሲናገር ቤት ውስጥ ምን ይገጥመዋል? «ዛሬ እነ እገሌ ሲያጨሱ ነበር» ብሎ ገና ሲጀምር ጩኸት ከወረደበት፣ በሚቀጥለው ቀን «ምንም የለም» ብሎ ክፍሉ ይገባል። እስኪጨርስ ዝም ብለው ይስሙት። ከዚያ «አንተስ ምን አልካቸው?» ይበሉት። ምክሩ ቢዘገይ ምንም አይደለም። የሚያሳስብ ምልክት ካዩና መፈተሽ ግድ ከሆነ ደግሞ ነግረውት ይፈትሹ። በድብቅ አይሁን።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቁጥጥር ይቅር እያልክ ነው?

መልስ፦ በፍጹም! ከማን ጋር እንደሚውልና ስንት ሰዓት እንደሚገባ ማወቅ የወላጅ ሥራ ነው። አይስላንድን እዩ። በ1998 ከ15 እና 16 ዓመት ልጆች 42 በመቶዎቹ ባለፈው አንድ ወር ሰክረው ያውቁ ነበር። በ2016 ቁጥሩ 5 በመቶ ደረሰ። ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ብዙ ጊዜ ማሳለፍ፣ ጓደኞቻቸውን ማወቅና ማታ ውጭ እንዳያመሹ አብረው መስማማት ጀመሩ። መንግሥትም ለስፖርትና ለሥነ ጥበብ ገንዘብ አወጣ። ይህን መርሳት የለብንም፤ ቤተሰብ ብቻውን አልተወጣውም።

ጥያቄ፦ ውጭ ከሚጠጣ እቤት ከእኔ ጋር ትንሽ ቢቀምስስ?

መልስ፦ ተዉት። አውስትራሊያ ውስጥ ልጆችን ለ6 ዓመት የተከታተለና በ2018 የታተመ ጥናት ወላጅ ራሱ ለልጁ አልኮል መስጠቱ ምንም ጥበቃ እንደሌለው አሳይቷል። እንዲያውም ወላጆቻቸው የሰጧቸው ልጆች አልኮል ከሌላ ሰው የማግኘት ዕድላቸው ጨምሯል።

ጥያቄ፦ ልጆቼን ብቻዬን ነው የማሳድገው። አደጋ ላይ ናቸው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ልጅ የሚያምነውና የሚያገኘው አንድ አዋቂ ትልቅ ነገር ነው። አያት ወይም አጎት ቢጨመር ደግሞ እሰየው።

ጥያቄ፦ ተቀራርበን እየኖርን ልጄ ሱስ ያዘው። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ራስዎን አይውቀሱ። ለአልኮል ሱስ ተጋላጭነት ግማሽ ያህሉ በዘር ይወረሳል። ጓደኛና ጭንቀትም አለ። ቅርርባችሁ አሁንም ይሠራል፤ ለሕክምና እሺ የሚለው ከሚያምነው ሰው ጋር ነው። አንድ ነገር ግን፦ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ያለ ሐኪም ድንገት ማቆም የለበትም፤ ለሕይወት ያሰጋል።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ዕፅ መጠቀም ጀምሯል። ለአባዬ ልንገር?

መልስ፦ መጀመሪያ ሳይወስድ በዋለበት ሰዓት ብቻውን አነጋግረው። «ለማንም አልናገርም» ብለህ ግን ቃል አትግባ። ራሱ ለአባትህ እንዲነግር ዕድል ስጠው፤ ሲነግርም አብረኸው ተቀመጥ። እምቢ ካለ አንተ ንገር። ራሱን ስቶ ወይም ትንፋሹ አጥሮ ካገኘኸው ግን ማንንም ሳትጠብቅ ሆስፒታል ውሰደው።