«ልጄ፣ ከፈልሽኝ እኮ»፦ የእጅ ሥራ ስጦታ እንዴት ይመሰገናል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ የደረሱን ሦስት ደብዳቤዎች ቀርበዋል። ሦስቱም በኪሮሽ ወይም በመርፌ የተሠራ ነገር፣ አለዚያም የሥራው ሐሳብ ራሱ፣ በስጦታ የደረሳቸው ሰዎች የጻፏቸው ናቸው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ልቤን ስለ ነካው ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ሲሆን የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ጥር ስዳር እናቴ በሕይወት ስላልነበረች፣ ከእርሷ ጋር ለብዙ ዓመታት ቡና ሲጠራሩ የኖሩ አራት የሰፈራችን እናቶች የዳንቴል አልጋ ልብስ ሠርተው ሰጡኝ። አልጋ ልብሱ 48 ቁራጮች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 12 ቁራጭ ሠርተው፣ በመጨረሻ ሁሉንም ያያያዙት ታላቂቱ ናቸው። እኒህ እናት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈትል ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ ሲሆኑ፣ ዛሬ ዓይናቸው እየደከመ ነው። ስጦታውን ስቀበል ዕንባዬ እንጂ ቃል አልመጣልኝም። ከሠርጉ በኋላ ግን ዝም ማለቱ ስለ ከበደኝ፣ ከደመወዜ አጠራቅሜ አራት ጥሩ ጥሩ ብርድ ልብስ ገዛሁና በየቤታቸው አደረስኩ። ሦስቱ መርቀው ተቀበሉኝ። ታላቂቱ ግን ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ልጄ፣ ከፈልሽኝ እኮ» አሉኝ። ይህ ቃል ከጆሮዬ አልጠፋም። አልጋ ልብሱን እንዳይቆሽሽብኝ ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ያጠፋሁት ምንድን ነው? እንዴትስ ባመሰግናቸው ይሻላል? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ እኅቴ፣ ያጠፋሽው ጥፋት የለም። ከደመወዝሽ ቀንሰሽ እናቶችሽን ለማክበር ተነሣሽ፤ ይህ የሚመሰገን እንጂ የሚያስወቅስ አይደለም። ነገር ግን ታላቂቱ እናት የተናገሩት ቃልም እውነት አለው፤ እውነቱን ለማየት ደግሞ ወደ ሥራው ራሱ ጠጋ ማለት ያስፈልጋል።

አልጋ ልብሱን ዛሬውኑ ከሳጥኑ አውጪውና በመስኮት ብርሃን ዘርግተሽ በእጅሽ ዳስሺው። ኪሮሽ የምትይዝ ሴት ሁሉ የራሷ እጅ አላት፤ አንዷ ክሩን ጠበቅ፣ ሌላዋ ላላ አድርጋ ትይዘዋለች፤ ስለዚህ በአንድ ዓይነት ክርና በአንድ ቁጥር ኪሮሽ ቢሠሩም እንኳ ከአራት ሰው እጅ የወጡ ቁራጮች በስፋት እኩል አይሆኑም። ይህን የሚያስተካክለው የሚያያይዘው ሰው ነው። ልብ ብለሽ ብትመለከቺ ከአንዳንዱ ቁራጭ ጠርዝ ላይ አንድ ዙር ተጨምሮ፣ ሌላው ደግሞ ሲያያዝ ትንሽ ተሰብስቦ ልታገኚው ትችያለሽ። ያ ቦታ ታላቂቱ እናት የአራት ሰው እጅ በአንድ አልጋ ላይ እንዲስማማ የደከሙበት ቦታ ነው። እኔ መዳፍ የሚያህል አንድ የዳንቴል ቁራጭ ለመጨረስ ሁለት ምሽት ይፈጅብኛል። እነርሱ እንደ እኔ ቢሠሩ 12 ቁራጭ ማለት ለእያንዳንዳቸው 24 ምሽት ነው፤ ያውም የቤቱ ሥራ ካለቀ፣ እራት ከተነሣ በኋላ። በእነዚያ ምሽቶች ሁሉ ስምሽ ሲነሣ፣ እናትሽም ስትታወስ እንደ ነበር አልጠራጠርም።

አሁን ወደ ብርድ ልብሱ እንመለስ። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ የከተማችን ሰው እንጀራውን የበላበት ቤት ነው፤ እኒህ እናትም የሥራ ዘመናቸውን ክር በመኪና ሲፈተል ሲቆጣጠሩ ኖረዋል። የፋብሪካ ዕቃ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚወጣ ከእርሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የ24 ምሽት ሥራቸው በአንድ ቀን ገበያ የተመለሰ መስሎ ታያቸው። ብርድ ልብሱን አልናቁትም፤ የከበዳቸው መዝገቡ መዘጋቱ ነው።

በገጠራችን ወንፈልና ደቦ የሚባሉ ሁለት የሥራ መረዳጃዎች እንዳሉ ታውቂያለሽ። በወንፈል የአንድ ቀን አጨዳ በአንድ ቀን አጨዳ ይመለሳል፤ ቀኑ ይቆጠራል። በደቦ ግን የጠራው ሰው ምግብና ጠላ አሰናድቶ ይጠብቃል፣ የመጡትም ሥራውን አንሥተውለት ይሄዳሉ፤ ማን ስንት ሰዓት ሠራ ተብሎ አይቆጠርም። እናቶችሽ ያደረጉልሽ ደቦ ነው። ያንቺ መልስ ወንፈል እንኳ አልሆነም፤ የገበያ ሒሳብ ሆነባቸው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ትልቅ ስጦታ ሲቀበሉ «ብድር መላሽ ያድርገኝ» ይላሉ። ይህን ቃል በደንብ እናስተውለው። ተቀባዩ «እከፍላለሁ» አላለም፤ ብድሩን ለመመለስ ዕድሜና ጤና እንዲሰጠው ለመነ፤ በልመናውም ውስጥ ከሰጪው ጋር ገና ብዙ ዘመን አብሮ እንደሚኖር ተናገረ። ለታላቂቱ ከብርድ ልብሱ በፊት ይህን አንድ ቃል ብትያቸው ኖሮ ብርድ ልብሱም ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

አሁንም አልዘገየም። በሚቀጥለው እሑድ አራቱንም ቡና ጥሪያቸው። አልጋ ልብሱን አልጋሽ ላይ አንጥፊው፤ ሲገቡ ይዩት። አቦሉ ከተጠጣ በኋላ እያንዳንዳቸው የሠሩትን ቁራጭ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። እመኚኝ፣ አንዷም አትሳሳትም፤ ሰው የእጁን ሥራ እንደ ልጁ ይለየዋል። የትኛው ላይ ክር እንዳለቀባቸው፣ የትኛውን ሦስት ጊዜ ተርትረው እንደ ሠሩት ሲነግሩሽ አድምጪ፤ በዚያው የእናትሽንም ነገር ትሰሚያለሽ። የሠራ ሰው ከገንዘብ አስቀድሞ የሚፈልገው ድካሙን የሚያይለት ዓይን ነው።

ሳጥኑን ተዪው። የጥጥ ክር ተጣጥፎ ለዓመታት ሲቀመጥ በእጥፋቱ ላይ ይሳሳል፣ ነጩም ወደ ቢጫ ይመለሳል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የተቆለፈበት አልጋ ልብስ ለሰጪዎቹ ያልተወደደ ይመስላቸዋል። እንግዳ መጥቶ «ይህን ከየት ገዛሽው?» ሲልሽ ደግሞ አራቱንም እናቶች በስማቸው ጥሪ። በጣና ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን ሥዕል ሥር ተደፍተው ተሥለው ይታያሉ። ዛሬ ወደ ደሴቱ የሚሄድ ሁሉ ስማቸውን ይጠራል፣ ይህም የሚገባቸው ነው። በጣና ዙሪያ አብያተ ክርስቲያናት ግን ብዙው ሥዕል የተሣለው በግድግዳ ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው፤ ያንን ጥጥ ነድፋ ባዘቶውን በእንዝርት የፈተለችውን ሴት የሚያነሣት የለም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል። አንቺ ግን አራት ስም በእጅሽ አለ፤ እንዳይጠፋ ማድረግ ትችያለሽ።

በእጅሽ የሠራሽውን ልስጥ ካልሽ ደግሞ ከታላቂቱ ዘንድ ሄደሽ «ኪሮሽ ያስተምሩኝ» በያቸው። ለባለሙያ ከዚህ የበለጠ ክብር አላውቅም። ከሰንሰለት ትጀምሪያለሽ፤ የመጀመሪያው ቁራጭሽ ጎባጣ ይሆናል፤ ጎባጣውን ለእርሳቸው ስጪ፣ የስኒ ማስቀመጫ ያደርጉታል። ዓይናቸው እየደከመ መሆኑን ስለ ነገርሽኝ አንድ ነገር ልጨምር። አያቴ በስተርጅናቸው ጥልፍ አላቆሙም፤ ያስቸገራቸው መርፌ ላይ ክር መሰካት ብቻ ነበር። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አሥር መርፌ እሰካላቸው ነበር፤ ክሩን በሰያፍ እቆርጥና፣ ጫፉን በከንፈሬ አርጥቤ፣ ከመርፌው ዓይን ጀርባ ነጭ ወረቀት ይዤ አሳልፈዋለሁ። አሥሩን መርፌ ትራሳቸው ላይ ደርድሬ ስሄድ ሳምንቱን ሙሉ ሲሠሩበት ይከርማሉ። እስከ ዛሬ ድረስ ለማንም ከሰጠሁት ስጦታ ሁሉ የምኮራበት እርሱ ነው። አንቺም ከባንክ ስትወጪ በዚያ በኩል እለፊ።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የሐበሻ ቀሚስ በእጅ ጥልፍ እየሠራሁ እተዳደራለሁ። አንዲት ጓደኛዬ በእናቷ መሶብ ላይ ያለውን የአለላ ሐረግ በስኩዌር ደብተር ገልብጣ፣ ለጥልፍ እንዲሆን አስማምታ «ውሰጂው፣ ሥሪበት» ብላ ሰጠችኝ። ንድፉ በጣም ተወዶ አሁን ደንበኞቼ በእኔ ስም ይጠሩታል። እርሷ ምንም አላለችም፤ እኔን ግን ቅር እያለኝ ነው። (ከባሕር ዳር፣ ባለ ጥልፍ)

መልስ፦ ቅር ማለትዎ ትክክል ነው፤ ጓደኛዎ የሠራችውን ሥራ ስለሚያውቁ ነው። መሶብ ከመሐሉ ጀምሮ እየዞረ ስለሚሰፋ ሐረጉም ወደ ውጭ በሄደ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል፤ የቀሚስ ጥልፍ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ወርድ ነው። በወስፌ ለዙር የተሰፋውን ለቀጥታ ጥልፍ ማስማማት እያንዳንዱን ካሬ እንደ ገና መቁጠር ይጠይቃል። መስቀሉና ሐረጉ የሁላችንም ቅርስ ቢሆኑም ያ ቆጠራ የእርሷ ፈጠራ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልንና ንድፍን የመሰለ የፈጠራ ሥራ የአመንጪው እንደሆነ ይደነግጋል፤ በእናንተ መካከል ግን ጉዳዩ እዚያ የሚደርስ አይመስለኝም።

ንድፉን ዛሬውኑ በእርሷ ወይም በእናቷ ስም ይጥሩት፤ ደንበኛ ሲጠይቅም ከመሶብ ወደ ደብተር፣ ከደብተር ወደ ቀሚስ እንዴት እንደ መጣ ይንገሩት። የሚገዛው ሰው ታሪኩን ስለሚወደው ሥራዎ አይጎዳም። ከሽያጩ ላይ ድርሻዋን በግልጽ ተነጋግራችሁ ወስኑ፤ «ምንም አላለችም» ማለት ምንም አትፈልግም ማለት አይደለም። ሠርተው ከሚያወጡት ቀሚስ አንዱን ለእናቷ ቢያለብሱ ደግሞ ደስ ይለኛል። በመሶባቸው ላይ የሰፉት ሐረግ ተመልሶ ደረታቸው ላይ ሲወርድ ማየት ምን ያህል እንደሚያስደስታቸው ያስቡት።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ በነጭ መሐረብ ላይ በቀይ ክር «አባየ» ብላ ጠልፋ ሰጠችኝ። አንድ የሚያውቀኝ መምህር «አባዬ» ነው የሚባለው፣ አርማት አለኝ። ይባስ ብሎ ሳጥበው ቀዩ ቀለም ወደ ነጩ ወረደ። ልጄ ሳታየው ማስለቀቅ ይቻላል? (ከዘጌ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ፊደሉን እንዳይነኩባት። «አባየ» በጎጃም አፍ ልጅ አባቷን የምትጠራበት ቃል ነው፤ የጻፈችው አንደበቷን ነው። መምህሩ በፈተና ወረቀት ላይ ያርሟት።

ቀለሙን በሚመለከት፣ መሐረቡ ገና ካልደረቀ በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ይዘፍዝፉትና ውኃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ እየቀየሩ ይለቅልቁት። ሙቅ ውኃ አይጠቀሙ፤ በረኪናም ክሩን ስለሚበላው አይንኩት። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ድረስ በካውያ አይተኩሱት፤ ሙቀት ቀለሙን እዚያው ያጸናዋልና። ሳይጠመዝዙ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ መሐል ተጭነው ውኃውን ያውጡ፣ በጥላ ሥር ያድርቁት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እድፍ ከቀረ ግን አይሸሽጓት። ያሳዩአትና «እዚህ ላይ ምን ብንጠልፍበት ይሻላል?» ብለው ያማክሯት። እንደ እኔ እንደ እኔ ቅጠል ይስማማዋል፤ ምርጫው ግን የእርሷ ይሁን፤ እርሷ ስትጠልፍ እርስዎ መሐረቡን ወጥረው ይያዙላት። አዲሱን ክር ሲገዙ አንድ ክንድ ያህል ቆርጠው፣ በውኃ አርጥበው፣ በነጭ ጨርቅ መካከል ይጫኑት፤ ጨርቁን ካቀለመው ሌላ ክር ይምረጡ።