ልጄ የሆኪ ተጫዋች እሆናለሁ ይላል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የ13 ዓመት ልጄ አይስ ሆኪ ይጫወታል። የትምህርት ቤት ጓደኛው ይዞት ሄዶ ነው የጀመረው፤ አሁን ሌላ ወሬ የለውም። «ሳድግ ፕሮፌሽናል ነው የምሆነው» ይላል። አባቱ «ይሄ የእኛ ነገር አይደለም፣ ትምህርቱን ይያዝ» ባይ ነው። እኔ ደግሞ ደስታውን ሳይ ተው ማለት አቃተኝ። ለመሆኑ ይሄ ነገር እንጀራ ይሆናል? ደግሞስ ይጎዳብኛል ብዬ እፈራለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?
የልጁ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ተው አትበዪው። ግን ሥራው ምን እንደሚመስል አንቺም አባቱም በደንብ እወቁት፤ ልጁም ይወቀው።

አዎ፣ እንጀራ ይሆናል። በቴሌቪዥን የምታዩት ኤንኤችኤል፣ የሰሜን አሜሪካው ትልቁ የሆኪ ሊግ፣ ግን ጫፉ ነው። 32 ቡድኖች አሉት፤ እያንዳንዱ የሚይዘው 23 ተጫዋች ነው። አባዥው፣ 736 ሰው ይመጣል። ከካናዳ፣ ከአሜሪካ፣ ከስዊድን፣ ከፊንላንድ፣ ከሩሲያ፣ ከቼክ የሚመጣው ጎበዝ ሁሉ የሚሻማው ለዚህ ቦታ ነው። በየዓመቱ ድራፍት በሚሉት፣ ቡድኖቹ በየተራ አዳዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት ሥርዓት 224 ወጣቶች ይመረጣሉ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ አንድም ጨዋታ ሳይሰለፉ ይቀራሉ። ገንዘቡ እዚያ ለደረሰ ጥሩ ነው፤ በ2025-26 የውድድር ዘመን ዝቅተኛው ደመወዝ 775 ሺህ ዶላር ነው።

ከዚያ በታች ግን ሌላ ዓለም አለ፤ አብዛኛው የሆኪ ተጫዋች ዕድሜውን የሚያሳልፈውም እዚያ ነው። ኤኤችኤል የሚባለው ሊግ አለ፣ ከእሱ በታች ደግሞ ኢሲኤችኤል። ዓርብ ማታ ይጫወታሉ፣ ዕቃቸውን አውቶቡስ ላይ ጭነው ሌሊቱን ይጓዛሉ፣ ቅዳሜ ሌላ ከተማ ይጫወታሉ፣ አንዳንዴ እሑድም አለ። ብዙዎቹ አንዱ ኮንትራታቸው ላይ ሁለት ደመወዝ ተጽፎበታል፤ ላይኛው ሊግ ሲወጡ አንዱ፣ ታች ሲወርዱ ያነሰው ይከፈላቸዋል። ላይ አንድ ሰው ከተጎዳ ስልክ ይደወልና በዚያው ቀን ሻንጣ ይዞ መብረር ነው። የተጎዳው ሲድን ደግሞ ተመለስ ይባላል። ይሄን የሚችል ሰው ጨዋታውን ከልቡ የሚወድ ብቻ ነው።

ለልጅሽ የዊሊ ኦሪን ታሪክ ንገሪው። ካናዳ ፍሬድሪክተን የተወለደ ሰው ነው። በኤንኤችኤል የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች እሱ ነው፤ ጃንዋሪ 18 ቀን 1958 እ.ኤ.አ. ለቦስተን ብሩይንስ ሞንትሪያል ላይ ገባ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ግን ፓክ (በሆኪ እንደ ኳስ የሚመቱት ጠፍጣፋ ጎማ) ቀኝ ዓይኑን መትቶት በዚያ ዓይኑ ማየት አቁሞ ነበር ማለት ይቻላል። ይህ ከታወቀ እንደማያጫውቱት ስላወቀ ደብቆት ኖረ። የግራ ክንፍ ነበር፤ ስለዚህ አብዛኛው ቅብብል የሚመጣው በማያየው ወገን ነው፣ ፓኳን ለማየት ጭንቅላቱን ሙሉ በሙሉ ማዞር ነበረበት። ኤንኤችኤል ውስጥ የተጫወተው 45 ጨዋታ ብቻ ሲሆን 4 ጎል አግብቷል። በቃ፣ ይህን ያህል ነው። ግን በዚህ አላቆመም! ሎስ አንጀለስና ሳንዲዬጎ ወርዶ በምዕራቡ ሊግ ቀጠለ፤ ሎስ አንጀለስ አሰልጣኙ ወደ ቀኝ ክንፍ ሲያዛውረው ፓኳ በደህናው ዓይኑ በኩል ትመጣለት ጀመር፣ ጎሎቹም በዙ። በፕሮፌሽናልነት የተጫወተው እስከ 1979 ነው፤ በ43 ዓመቱ አቆመ። ቦስተን 22 ቁጥር ማልያውን በክብር የሰቀለለት በ2022 ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር ታች ባሉት ሊጎች ያሳለፋቸው እነዚያ ሁሉ ዓመታት ናቸው። ሥራው ያ ነበር፣ ሰርቶም ኖረበት።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልምጣ፤ አባቱ ልክ የሆነበት ቦታ ይሄ ነው። ጎበዝ የሚባሉ ልጆች በ16 እና በ17 ዓመታቸው ለጁኒየር (የወጣቶች) ሊግ ከቤት ይወጣሉ። ሌላ ክፍለ ሀገር ሄደው በማያውቁት ቤተሰብ ቤት ይኖራሉ፣ እዚያው ይማራሉ። ቡድኑ ነው ቤተሰቡን የሚያገኝላቸው። ይሄ ለሐበሻ እናት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያ ቀን ከመጣ ማን ቤት እንደሚያድር፣ ምን እንደሚበላ፣ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚገባ ሄደሽ በዓይንሽ እዪ። ገንዘቡንም ጠይቂ። ዩኤስኤችኤል የሚባለው ትልቁ የአሜሪካ ጁኒየር ሊግ ተጫዋቹን አያስከፍልም። ዝቅ ያሉት ሌሎች ሊጎች ግን ቤተሰብን ብዙ ሺህ ዶላር ያስከፍላሉ፣ ተስፋ እየሸጡ። እዚያ ላይ አትቸኩዪ።

ከጁኒየር በኋላ ኮሌጅ አለ፤ የኮሌጅ ሆኪ ከዲግሪው ጋር ስለሚሄድ እኔ የምመርጥልሽ ይሄን ነው። ድሮ በካናዳ ትልልቅ ጁኒየር ሊጎች የተጫወተ ልጅ የአሜሪካ ኮሌጅ በር ይዘጋበት ነበር፤ ከኦገስት 2025 ጀምሮ ተከፍቷል። ሁሉም ኮሌጅ ግን የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ሃርቫርድ፣ ዬልና ኮርኔል ጥሩ ቡድን አላቸው፤ የሚረዱት ግን በቤተሰብ ገቢ መጠን ነው። ስለዚህ የልጅሽ የሂሳብ ውጤት ከጎሎቹ እኩል ዋጋ አለው፤ ይሄን አባቱ ይንገረው፣ ከእሱ ቢሰማው ይሻላል።

ጉዳትን በተመለከተ ፍርሃትሽ ትክክል ነው፤ አላቃልልብሽም። በአሜሪካ ደንብ በአካል መጋጨት የሚፈቀደው ከ14 ዓመት በታች ቡድን ጀምሮ ስለሆነ ልጅሽ አሁን እዚያው ላይ ነው። አሰልጣኙን እንዴት መጋጨትና እንዴት ግጭት መቀበል እንዳለባቸው ያስተምራል ወይ ብለሽ ጠይቂው። መልሱ ካላጠገበሽ ቡድን ቀይሪ። ጭንቅላቱን ከተመታ «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ሳያየው አይመለስ። በ2023 እንግሊዝ ሼፊልድ ውስጥ አዳም ጆንሰን የሚባል ተጫዋች በበረዶ ጫማ ምላጭ አንገቱን ተቆርጦ ሞቷል፤ ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ለታዳጊዎች የአንገት መከላከያ ግዴታ ሆኗል። ሁሌም ያድርገው፣ ልምምድ ላይም። ጫማና ቦርሳ ያገለገለ ብትገዢ ችግር የለውም። ሄልሜት ግን አዲስ ግዢ፤ የማረጋገጫው ማብቂያ ቀን ላዩ ላይ ተለጥፏል፣ እሱን እዪ።

«የእኛ ነገር አይደለም» ላለው፣ ከእናንተ ብዙም ሳይርቅ ዋሽንግተን ዲሲ ፎርት ዱፖን ውስጥ ኒል ሄንደርሰን የሚባሉ ሰው ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለጥቁር ልጆች ሆኪ ሲያስተምሩ ኖረዋል። በ2019 የአሜሪካ ሆኪ የክብር መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። አባትየው አንድ ቅዳሜ ሥራውን ትቶ ልጁ ሲጫወት ሄዶ ይይ። ከዚያ ይፍረድ።

ጥያቄ፦ አፍሪካዊ ዘር ያለው እውነተኛ ኮከብ በሆኪ አለ? ወይስ ገብተው የሚወጡ ብቻ ናቸው?
ከካልጋሪ

መልስ፦ ከካልጋሪ እየጻፍክ ይሄን ትጠይቃለህ ወንድሜ! ጃሮም ኢጊንላ እዚያው ከተማህ ነው የነገሠው። አባቱ ናይጄሪያዊ ነው፣ እሱ የተወለደው ኤድመንተን። 1,554 ጨዋታ፣ 625 ጎል። በ2002 ሶልት ሌክ ኦሊምፒክ ፍጻሜ ላይ አሜሪካ ላይ ሁለት አግብቶ ካናዳ ወርቅ ወሰደች። በ2010 ቫንኩቨር ላይ ደግሞ ለቡድን ጓደኛው ለክሮስቢ የወርቁ ጎል ፓኳን ያቀበለው እሱ ነው። የኤንኤችኤልን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ ብቻ አላገኘም፤ በ2004 እስከ ሰባተኛው ጨዋታ ደርሶ በታምፓ ተሸነፈ።

ጥያቄ፦ ቪዲዮ ስመለከት ተጫዋቾቹ ገብተው ወዲያው ይወጣሉ። ምንድነው?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ደክሟቸው ነው፣ በቁም ነገር። በሙሉ ጉልበት ስለሚሮጡ አንድ ሰው ሜዳ ላይ የሚቆየው 45 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ከቆየ እግሩ ይከዳዋል፣ ጎል የሚቆጠርበትም ያኔ ነው። እንደ እግር ኳስ ዳኛ አያስቆምላቸውም፣ ጨዋታው እየሄደ ነው የሚቀያየሩት። የሚወጣው አጥሩ ጋ ሳይደርስ የሚገባው ዘሎ ጨዋታው ውስጥ ከገባ ከበረኛው ሌላ ስድስተኛ ሰው ሆነ ማለት ነው፣ የሚፈቀደው ደግሞ አምስት ነው፤ ቡድኑ ለሁለት ደቂቃ አንድ ሰው አጉድሎ ይጫወታል።