ማታ ማታ ምጣዱ ለምን አይግልም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ማታ እንጀራ ስጋግር ምጣዱ አይግልልኝም፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ኤሌክትሪሺያኑ «ቮልቴጁ ወርዷል፣ ስታቢላይዘር ግዙ» ብሎን ሄደ። ባለቤቴ ቴስተር ገዝቶ መጣ፣ ግን ሁለታችንም አንችልበትም። ቮልቴጅ ምንድነው? ራሳችን መለካት እንችላለን? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ትችላላችሁ። ስታቢላይዘሩን (የወረደ ቮልቴጅ የሚያስተካክለውን ዕቃ) ግን ቆይ በሉት። ችግሩ የቤታችሁ ገመድ ከሆነ ጭራሽ ገመዱን ይባስ ያግለዋል።

ቮልቴጅ ግፊት ነው። ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ አስቢ። ከፍ ባለ ቁጥር ውሃው በኃይል ይወርዳል፣ ቧንቧው ተዘግቶ ጠብታ ባይፈስ እንኳ ግፊቱ እዚያው አለ። ሶኬትም ምንም ሳይሰካበት 220 ቮልት ይዞ ይጠብቃል፤ ሚስማር የከተተ ልጅን ኮረንቲ የሚይዘው ለዚህ ነው። የሮቶው ከፍታ ከመሬት እንደሚለካ ሁሉ ቮልቴጅም የሚለካው በሁለት ነጥቦች መካከል ነው። ቴስተሩ ሁለት ሽቦ ያለው ለዚሁ ነው።

ጥቁሩን «ኮም» የሚለው ቀዳዳ፣ ቀዩን «ቪ» ያለበት ቀዳዳ ውስጥ ሰኩ። ቀዩን «10 ኤ» ውስጥ አድርጋችሁ ሶኬት ብትነኩ ፌዝና ኒውትራልን፣ ማለትም የሶኬቱን ሁለት መስመሮች፣ በቀጥታ ማገናኘት ነው፣ እጃችሁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። መዞሪያውን የሞገድ ምልክት ካለበት «ቪ» ጋ አድርጉት። 200 እና 600 ካለው 600ን ምረጡ፣ 220 ከ200 ይበልጣላ። ሽቦው የተላጠ ከሆነ ተዉት። የብረቱን ጫፍ በጣት አትንኩ።

አሁን ዋናው ነገር፦ ሁለቴ ለኩ። ማታ፣ ምጣዱ በሚያስቸግርበት ሰዓት። መጀመሪያ ምጣዱ ጠፍቶ፣ ቀጥሎ በርቶ እያለ ከጎኑ ባለው ሶኬት ላይ። አንድ ቁጥር ብቻውን ጥፋቱ የት እንዳለ አይነግራችሁም።

ጠፍቶም 180 ካለ ችግሩ ከውጭ ነው፤ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ስለሚያበራ መስመሩ ይጨናነቃል። ቁጥሩን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ጽፋችሁ ለመብራት ቢሮ አመልክቱ። ሙቀቱ የሚሄደው ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ነው፣ ስለዚህ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ምጣዱ የሙቀቱን አንድ ሦስተኛ ያጣል። እንጀራው ዓይን ቢያጣ አይገርምም።

ጠፍቶ 215 የነበረው ሲበራ 185 ከሆነ ግን ጥፋቱ በአብዛኛው እናንተው ጋ ነው፦ ቀጭን ገመድ ወይም የላላ ብሎን። እኛ ቤት እንደዚህ ሆኖ ስፒናውን ስነቅለው አንዱ ጥርሱ ጠቁሮ፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ አገኘሁት። ሶኬቱ ውስጥ አንዲት ብሎን ላልታ ነበር፣ ሌላ ምንም የለም። እናንተም ጋግራችሁ ስትጨርሱ ነቅላችሁ እዩት።

አንድ ነገር አደራ። ቁጥሩ 250፣ 300 እያለ ከወጣ ኒውትራሉ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፣ ቲቪና ፍሪጅ ወዲያው ያቃጥላል። ዋናውን ብሬከር አጥፉና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። የቆጣሪውን ሣጥን ራሳችሁ እንዳትከፍቱ።