አለቃዬ ቤስት ቦል ይላሉ፣ ሰው ስክራምብል ይላል

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። የምጽፍላችሁ ካዛንቺስ ካለ መሥሪያ ቤት ነው። በኅዳር የሠራተኞች የጎልፍ ቀን አስበን ዝግጅቱ እኔ ላይ ወደቀ። 24 ሰው ነን። 6ቱ በደንብ ይጫወታሉ፣ 10ሩ ገና ጀማሪ ናቸው፣ 8ታችን ደግሞ ዱላ ጨብጠን አናውቅም። አራት አራት ሆነን በቡድን እንጫወት ብለናል። አለቃችን ጎበዝ ተጫዋች ናቸው፤ «ቤስት ቦል ይሁን፣ ስክራምብል የልጆች ጨዋታ ነው» ይላሉ። ሌላው ሰው ስክራምብል ይላል። እውነቱን ለመናገር ልዩነቱም በደንብ አልገባኝም። በየትኛው ልሂድ? እሳቸውንስ ምን ብዬ ላሳምናቸው?
ግራ የገባት አስተባባሪ

መልስ፦ እህቴ፣ ስክራምብል አድርጊው። አትወላውዪ። የወዳጅነት ውድድር ላይ የጨዋታው ዓይነት የሚመረጠው ለጎበዞቹ ተብሎ አይደለም፣ ዱላ ጨብጠን አናውቅም ለምትሉት ለናንተ ለ8ታችሁ ነው። እናንተ ከተዝናናችሁ ጎበዞቹም ይዝናናሉ፤ እናንተን ከደበራችሁ ግን አራተኛው ሆል (ሜዳው የሚከፈልበት፣ በአንድ ቀዳዳ የሚያልቅ ዙር) ላይ ግማሹ ሰው ስልኩን እየነካካ ነው፣ ግማሹ ምሳ ስንት ሰዓት ነው እያለ ይጠይቅሻል።

አለቃሽ የሚሉት ቤስት ቦል እንዲህ ነው። አራቱም የቡድኑ ሰዎች የየራሳቸውን ኳስ ከቲ (ከሆሉ መነሻ መምቻ) እስከ ቀዳዳው ይጫወታሉ፣ ከዚያ በየሆሉ ከአራቱ ትንሹ ቁጥር ብቻ ለቡድኑ ይያዛል። ሲያዩት ለጀማሪ የሚራራ ይመስላል፤ 11 ጊዜ ቢመታ ማንም አይቆጥርበትም። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፣ ማንም አይቆጥርለትም። ጎበዙ በ5 ይጨርሳል፣ ካርዱ ላይ 5 ይጻፋል፣ የቀሩት ሦስቱ ኳሳቸውን ሣር ውስጥ ሲፈልጉ ይውላሉ። አራት ኳስ ማለት አራት ፍለጋ ነው፣ ሰዓቱ እንዴት እንደሚነጉድ ያኔ ታዪዋለሽ።

ስክራምብል ላይ አራቱም ከቲ ይመታሉ፣ ተመካክረው ጥሩ ቦታ ያረፈችውን አንዷን ይመርጣሉ፣ የቀሩት ኳሳቸውን አንስተው እዚያ ይመጡና አራቱም ከዚያ ይመታሉ። እንደገና አንዷን ይመርጣሉ። እንዲህ እያሉ ኳሷ እስክትገባ ድረስ። ለሆሉ የሚጻፈው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ኳስ የሚቀመጠው ከተመረጠችው ቦታ በአንድ ዱላ ርዝመት ውስጥ፣ ወደ ቀዳዳው ሳይጠጋ ነው፤ የተመረጠችው ረጅም ሣር ውስጥ ከሆነች ሁሉም ከረጅም ሣር ይመታል፣ «ትንሽ ወዲህ እናድርጋት» ብሎ ነገር የለም። ሰባት ጊዜ ሣር ስትገርፍ የቆየች ልጅ አንዴ የሦስት ሜትር ፑት (ቀዳዳው አጠገብ ኳሷን የማንከባለል ምት) ብታስገባ ቡድኑ በሙሉ ይጮህላታል፣ ካርዱ ላይ ያለው ቁጥርም የሷ ነው። ቤስት ቦል ይህን አይሰጥሽም።

አለቃሽ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ልቅ የተተወ ስክራምብል አንድ ጎበዝ ሰው የሚመታበት፣ ሦስት ሰው የሚያጨበጭብበት ጨዋታ ይሆናል። ስለዚህ ገደብ አድርጊበት፦ የእያንዳንዱ ሰው የቲ ምት ቢያንስ የተወሰነ ጊዜ መመረጥ አለበት። ብዙዎች ቴክሳስ ስክራምብል የሚሉት ይህንኑ ነው። ለዘጠኝ ሆል በሰው ሁለት ሁለት የሚያደርጉ አሉ። ለናንተ ይከብዳል፣ አንድ ይበቃል። ጀማሪዎቹም አጭሯን ፓር 3 (በ3 ምት ትጠናቀቃለች የምትባል ሆል) ላይ ይጠቀሙበት፤ እዚያ ምቱ ባይርቅም ብዙ አይጎዳም። ተራውን ደግሞ ከደካማው ጀምሩ፣ ጎበዙ መጨረሻ ይምታ፣ አንድ ኳስ ሜዳው ላይ ከተገኘች እሱ እንደልቡ ይሞክራል።

ቡድን ሲመደብ «የምትፈልጉትን ያዙ» እንዳትዪ፤ ጎበዞቹ ተጠራርተው ይሰበሰባሉ፣ ውድድሩም ሳይጀመር አለቀ። 6ቱ ጎበዞች የ6ቱ ቡድን መሪ ይሁኑ። አራቱ ቡድኖች ላይ ሁለት ጀማሪና አንድ አዲስ ሰው፣ ሁለቱ ላይ አንድ ጀማሪና ሁለት አዲስ ሰው መድቢ። ቁጥሩ ልክ ይመጣል። ማን የት እንደሚገባ በዕጣ ይሁን፣ አንድ ነገር ሲቀር፦ ሁለት አዲስ ሰው ያለበትን አንዱን ቡድን ለአለቃሽ ስጪያቸው። «ይህን ቡድን ከእርስዎ በቀር የሚያወጣው የለም» በያቸው። ስለ ስክራምብል ማብራሪያ ከማቅረብ ይህ ይሻላል፣ እመኚኝ። ለስድስቱ ደግሞ በአንዷ ፓር 3 ላይ ለቀዳዳው በጣም ለቀረበ ምት ሽልማት አድርጊ፣ የግል ፉክክራቸውን እዚያ ይወጡት።

ሀንዲካፕ (እንደየችሎታው ከሰው ውጤት ላይ የሚቀነስ የምት ብዛት፤ ጎበዙ ትንሽ ነው ያለው) ላይ ጭቅጭቅ አይጠፋም፣ አስቀድመሽ ወስነሽ ለጥፊው። ሀንዲካፕ የሌለው ሰው 54 ይያዝለት፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት የዓለም ሀንዲካፕ ሥርዓት ጣሪያው እሱ ነው። ለአራት ሰው ስክራምብል የሚመከረው ከትንሹ ጀምሮ 25፣ 20፣ 15 እና 10 በመቶ መውሰድ ነው። በአንድ ቡድን 10፣ 36፣ 54 እና 54 ያላቸው ሰዎች ካሉ 2.5፣ 7.2፣ 8.1 እና 5.4 ይመጣል፣ ድምሩ 23.2፣ ስለዚህ 23 ምት ይቀነስላቸዋል። ይህ ለ18 ሆል ነው፤ ለዘጠኝ ግማሹን ያዢ። 18 ሆል ደግሞ በዚህ ሰው አታስቢው።

ፑት ላይ አንድ ወጥመድ አለ። መጀመሪያ የመታው ሰው ከሳተ በኋላ ተቀላጥፎ ጠጋ ብሎ ኳሷን ከከተታት ሆሉ ተዘጋ፣ ሦስቱ ሳይሞክሩ ቀሩ ማለት ነው። ይህንን ጠዋት ላይ ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው። ከደብል ቦጊ (ከፓሩ ሁለት ምት በላይ) ያለፈ ቡድንም ደብል ቦጊ ጽፎ ወደሚቀጥለው ይሂድ።

አጀማመሩ ላይ ቡድኖቹን አታሰልፊ። ስድስቱም በተመሳሳይ ሰዓት ከተለያየ ሆል ይጀምሩ፣ ሁሉም አብሮ ይጨርሳል፣ ምሳውም አይቀዘቅዝም። አዲስ ሰው የሚመታ ሰው ፊት እንዳይቆም አጥብቀሽ ንገሪ፤ ኳስ ወደ ሰው ከሄደች «ፎር!» ብሎ መጮህ ነው፣ ይሉኝታ አያስፈልግም። ኮፍያም አስይዢ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷ ራቅ ትላለች፣ ፀሐዩም ያቃጥላል። ቀኑን ስትመርጪ ታላቁ ሩጫ ያለበትን እሑድ ዝለይው፤ ከካዛንቺስ ኦልድ ኤርፖርት ወዳለው የጎልፍ ሜዳ የምትሄዱ ከሆነ መስቀል አደባባይ ሊዘጋባችሁ ይችላል። ቅዳሴ የሚሄደው ሰውም ስላለ ቅዳሜ ብታደርጊው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ያደግን 12 ጓደኛሞች ነን፣ አሁን ሁላችንም ጡረታ ላይ። ለዓመታት ተጫውተናል፣ ሀንዲካፓችን ከ15 እስከ 22 ነው። ስክራምብል ሰለቸን። በጥንድ ብንጫወት ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ለእናንተ ግሪንሰም ነው። ሁለታችሁም ከቲ ትመታላችሁ፣ የተሻለችውን ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ በኋላ በዚያች በአንዷ ኳስ እየተፈራረቃችሁ ትጨርሳላችሁ። ከዚህ የጠነከረው ፎርሰምስ ነው፤ ከቲው ጀምሮ አንድ ኳስ፣ አንዱ ጎዶሎ ቁጥር ሆሎች ላይ ይጀምራል፣ ሌላው ሙሉ ቁጥሮቹ ላይ። የአሜሪካና የአውሮፓ ቡድኖች በሚፋለሙበት ራይደር ካፕ ላይ ከ1927 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ጨዋታ ነው፤ ግን የእርስዎ ጓደኛ ዛፍ ሥር የከተታትን ኳስ እርስዎ ነዎት የሚያወጧት፣ እንኳን ጓደኛን ባልና ሚስትን ያኳርፋል። እኔ ግሪንሰሙን እመርጣለሁ።

ሀንዲካፑ ከትንሹ 60 በመቶ፣ ከትልቁ 40 በመቶ ነው። 15 እና 22 ከሆናችሁ 9 እና 8.8፣ ማለትም 18። ውጤቱን በስቴብልፎርድ ነጥብ ያዙት፤ እንግሊዛዊው ዶክተር ፍራንክ ስቴብልፎርድ በ1932 እ.ኤ.አ. በዎላሲ ክለብ ያስጀመረው አቆጣጠር ነው። ሀንዲካፑ ከተቀነሰ በኋላ ቦጊ (ከፓር አንድ በላይ) 1፣ ፓር 2፣ በርዲ (አንድ በታች) 3፣ ኢግል (ሁለት በታች) 4 ነጥብ። ከቦጊ የባሰ ዜሮ ነው፣ ስለዚህ ሆሉ የተበላሸበት ጥንድ ኳሱን አንስቶ ይሂድ፣ ጉልበትም ይተርፋል። ሁለት ሁለት ጥንድ አብራችሁ ውጡ፣ ካርዱንም ተለዋወጡ፦ የእናንተን እነሱ ይጻፉ፣ የእነሱን እናንተ።