ሎዋርን ለሁለት በብስክሌት፦ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከጻፋችሁልኝ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ባልና ሚስት ሆኖ የፈረንሳይን ገጠር በብስክሌት ስለ መዞር። እኔና ባለቤቴ የምንወደው ነገር ስለሆነ ደስ እያለኝ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከፓሪስ)፦ ያለን አንድ ቀን ብቻ ነው። የት እንሂድ?

መልስ፦ የሎዋር ወንዝ ሸለቆ። በፈጣን ባቡር ቱር ከተማ ውረዱ፣ ብስክሌት ተከራዩና ወንዙን ይዛችሁ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አምቧዝ ንዱ። ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሙሉው የሎዋር የብስክሌት መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለአንድ ቀን ግን ይህቺ ቁራጭ ትበቃለች። ነፋሱም አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚነፍስ ከጀርባ ይገፋችኋል። መንገድ ላይ ባለችው ሞንሉዊ የምትባል ትንሽ ከተማ ወደ ወይን እርሻዎቹ የሚያወጣ ዳገት አለ፤ ወርዳችሁ ብትገፉት ምንም ነውር የለውም። አምቧዝ ስትደርሱ ክሎ ሉሴ የሚባለውን ቤት እዩ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እ.ኤ.አ. በ1519 ያረፈው እዚያ ቤት ውስጥ ነው። በሸለቆው ካሉት ቤተ መንግሥቶች ሦስቱን በአንድ ቀን ለማየት አትሩጡ። ስትመለሱ በባቡር ነው፤ ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ስለሆነ ድልድዮቹን የምትሻገሩበት ጊዜ ያዙ።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ ባሌ ይፈጥናል፣ እኔ ሁልጊዜ ከኋላ ነኝ። ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ስደርስ ግን ወዲያው ይነሳል። ባለፈው ተኳርፈን ተመለስን።

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ በእኔም ደርሷል። ሞንሉዊን አልፈን ነበር። ባለቤቴ ቀድሞኝ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሏል። እኔ ስደርስ ፖሙን በልቶ ጨርሶ የተረፈውን መሃሉን ብቻ በጣቱ ይዟል። «እንሂድ?» ብሎ ብድግ አለ። እኔ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለኛል፣ ፍሬን የያዙት ጣቶቼ ይንቀጠቀጣሉ። ሳሩ ላይ ዘርፈጥ አልኩና «አንተ አርፈሃል፤ እኔስ?» አልኩት። ክፋት አልነበረውም፣ ልብ አላለውም ነበር እንጂ። እሱ በየቦታው አምስት አምስት ደቂቃ ሲያርፍ እኔ አንዴም አላረፍኩም።

ስለዚህ ከፊት አንቺ ሁኚ። ፍጥነቱን አንቺ ወስኚ። ምሳውን፣ ውኃውን፣ ጃኬቱን ሁሉ የእሱ ብስክሌት ይሸከም። ይህም ካልበቃ ለአንቺ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ተከራዩ፤ ሞተሩ በሰዓት እስከ 25 ኪሎ ሜትር ድረስ ያግዝሻል። እንደ ሽንፈት አትቁጠሪው። ባለቤቴ ወንዙ ዳር የሚቆሙትን ሽመላዎች ያያቸው ከኋላዬ መንዳት ከጀመረ ወዲህ ነው።

ጥያቄ (ከሊዮን)፦ የምንሄደው ዓርብ ነው። የጾም ምን እናገኛለን?

መልስ፦ ዳቦ ቤት ግቡና «ትራዲሲዮን» የሚባለውን ባጌት ግዙ፤ ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨውና እርሾ ነው። ክሯሳንና ብሪዮሽ ቅቤ አለባቸው፣ እለፏቸው። ቲማቲም፣ የወይራ ፍሬና ኦቾሎኒ ጨምሩበት። ሁሉንም ጠዋት ገዝታችሁ ያዙ፤ የመንደር ምግብ ቤት ምሳ የሚያቀርበው በእኛ አቆጣጠር ከ6 እስከ 8 ሰዓት ነው፣ ሱቆችም ቀትር ላይ ይዘጋሉ። እስከ 9 ሰዓት ውኃም ሳትቀምሱ የምትቆዩ ከሆነ ግን እባካችሁ ሌላ ቀን ምረጡ። በሐምሌ ሙቀት ያለ ውኃ መንዳት ያዝላል፣ ይጥላልም።

ጥያቄ፦ ውኃ ሲያልቅብንስ?

መልስ፦ የመንደሩን መቃብር ፈልጉ። ለአበባ ማጠጫ የተተከለ ቧንቧ አይጠፋም። «ኦ ኖን ፖታብል» (የማይጠጣ ውኃ) የሚል ከተጻፈበት ግን አትጠጡት።

ጥያቄ፦ ጎን ለጎን እያወራን መንዳት ይፈቀድልናል?

መልስ፦ ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን መንዳት ይፈቀዳል። ሲመሽ ወይም መኪና ሊያልፋችሁ ሲል አንዳችሁ ከኋላ ግቡ። የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ መንዳት ክልክል ነው። ሄልሜት በሕግ የሚገደዱት ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው፤ እናንተም ግን አድርጉ። ከከተማ ውጭ ከመሸባችሁ ደግሞ አንጸባራቂ ሰደርያ ግዴታ ነውና ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ቦርሳ ውስጥ ክተቱ።