በዘጌ ቡና ላይ የታየው የሚገማ «ጢንዚዛ»

ዘጌ ባለው የእናትዎ ቡና ላይ ጋሻ የሚመስል፣ ጥቁር ጀርባው በብርቱካናማና በነጭ የተዥጎረጎረ፣ ሲነኩት የሚገማ «ጢንዚዛ» አግኝተው ምን እንደሆነና የት እንደሚኖር ጠይቀዋል። ጢንዚዛስ አይደለም። ጢንዚዛ በመንጋጋው ያኝካል፤ ይህ ግን እንደ መርፌ በቀጠነ አፉ ወግቶ የሚመጥጥ የትኋን ወገን ነው። እንደ ገለጻዎ ከሆነ አንቴስቲያ የሚባለው የቡና ትኋን ይመስለኛል። በኢትዮጵያ የሚታወቀው ዝርያ አንቴስቲዮፕሲስ ኢንትሪካታ ይባላል፤ ዘመዶቹ በኬንያ፣ በሩዋንዳና በቡሩንዲ ቡና ላይ ይኖራሉ።

ጥቅጥቅ ያለ፣ ነፋስ የማያስገባ ቅጠል ይወዳል። በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለው የዘጌ ቡና፣ ሳይገረዝ ከቆየማ፣ የተመቸ ቤት ይሆንለታል። እንቁላሉን ከቅጠሉ ሥር 12 ገደማ አድርጎ ይደረድራል። የሚፈለፈሉት ግልገሎች ክንፍ የላቸውም፤ እስኪጎለምሱ 5 ጊዜ ቆዳቸውን ይገፍፋሉ።

ጉዳቱን አይናቁት። እንቡጡንና እሸቱን ፍሬ ይወጋል፤ በቀዳዳው ፈንገስ ገብቶ ፍሬውን ያበሰብሰዋል። አንዳንድ የሩዋንዳ ቡና ጥሬ ድንች ድንች የሚለውም ከዚሁ ነፍሳት ጋር ይያያዛል።

መድኃኒት ለመርጨት አይቸኩሉ፤ እንቁላሉን የሚያጠቁት ጥቃቅን ተርቦችም አብረው ያልቃሉ። የጥላውን ዛፍ ሳይነኩ የቡናውን ቅርንጫፍ ገርዘው ብርሃን ያስገቡለት፤ ያገኙትንም በማለዳ ለቅመው የሳሙና ውኃ ውስጥ ይጨምሩት። በባዶ እጅ ግን አይሞክሩት፤ እኔ ሞክሬ ምሳዬን በማንኪያ በልቻለሁ።