ጅራፉ ለእኔ ለምን አይወድቅም?

ጥያቄ፦ ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ የተባለውን የኢንተርኔት ጌም እጫወታለሁ። አቢሳል ዲመን የሚባሉት ጭራቆች ሲሞቱ አልፎ አልፎ የሚወድቀውን የጦር መሣሪያ፣ ጅራፉን፣ ፍለጋ 1,500 ያህሉን ገድያለሁ፤ እስከ ዛሬ አልወደቀልኝም። ዕድሉ ከ512 አንድ ነው ይባላል። ታናሽ ወንድሜ ግን ሃያኛውን ሲገድል አገኘው። አካውንቴ ላይ የተደረገ ነገር ይኖር ይሆን? ሰርቨር ብቀይር ይሻለኛል? ይህን ያህል ከለፋሁ በኋላስ ቀርቦልኛል ማለት አይቻልም? እባክዎ ያስረዱኝ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር፤ የሌሎቹም ቁልፍ እርሱ ነውና። አልቀረበልህም። 1,501ኛውን ጭራቅ ስትገድል የሚኖርህ ዕድል የመጀመሪያውን ስትገድል ከነበረህ ጋር አንድ ነው፤ ከ512 አንድ። ይህ እንደሚያስከፋህ አውቃለሁ። ሒሳብ ሳስተምር ጎበዝ የምላቸው ተማሪዎች ሳይቀሩ እጃቸውን አውጥተው የሚሟገቱኝ እዚህ ነጥብ ላይ ነው። እኔም ማታ ማታ ጌም የምጫወት ሰው ስለሆንኩ ስሜቱ ይገባኛል።

ጭራቁ ሲሞት የሚወድቀውን ዕቃ የሚወስነው በእጅህ ያለው ስልክ ወይም ኮምፒውተር አይደለም። ውሳኔው የሚሰጠው ኩባንያው በሚያስተዳድረው ሰርቨር፣ ማለትም በማዕከላዊ ኮምፒውተሩ፣ ላይ ነው፤ እንዲያ ባይሆን ኖሮ ስልኩን መነካካት የሚችል ሁሉ ለራሱ ጅራፍ በሸለመ ነበር። ለእያንዳንዱ ጭራቅ የዕቃ ሠንጠረዥ ተዘጋጅቶለታል። አመድ የመሰለው ሁልጊዜ ይወድቃል፤ ለሌላው ግን ሰርቨሩ በቀመር ቁጥር ያወጣና ቁጥሩ በሠንጠረዡ ላይ ያረፈበትን ዕቃ ይሰጥሃል። ቁጥሩ ሲወጣ ስምህ፣ የደከምክበት ሰዓት፣ ትናንት ያጣኸው ነገር በስሌቱ ውስጥ አይገቡም። ሠንጠረዡ በሁሉም መደበኛ ሰርቨሮች ላይ ያው ስለሆነ መቀየሩ ምንም አይጨምርልህም።

«ተራዬ ደርሷል» የሚለው ስሜት የሚመጣው ዕጣን እንደ ዕቁብ ስለምናስበው ይመስለኛል። በዕቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ስሙ ተመልሶ አይገባም፤ በየሳምንቱ የቀሪው ቁጥር እያነሰ ስለሚሄድ ያንተ ተራ በእርግጥ ይቀርባል። ሩንስኬፕ ግን የወጣውን ዕጣ ወዲያው መልሶ ይከተዋል። ዕጣው ማኅደር የለውም፤ ያለፈውን አይቆጥርም።

አሁን ቁጥሮቹን እንያቸው። «ከ512 አንድ» ሲባል ብዙ ሰው 512ኛው ላይ ይገኛል ብሎ ይረዳዋል። እውነቱ ግን 512 ከገደሉ 100 ተጫዋቾች ውስጥ 37ቱ ያህል ባዶ እጃቸውን መሆናቸው ነው። ግማሾቹ ጅራፉን የሚያገኙት 355 እስኪገድሉ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። 1,500 ሲደርሱ ሳያገኙ የሚቀሩት ከ100 አምስት ያህሉ ናቸው፤ አንተ ከእነርሱ አንዱ ነህ። ወንድምህስ? በሃያ ሙከራ ውስጥ ማግኘት ከ100 ለአራት ሰው ያህል ብቻ የሚደርስ ነው። የእርሱ መታደል ካንተ መከራ ትንሽ ይበልጥ ብርቅ ነው ማለት ነው! ብዙ ሕዝብ በሚጫወትበት ጌም ውስጥ ሁለታችሁንም የሚመስሉ እጅግ ብዙ ናቸው። ስለዚህ አካውንትህ ላይ የተደረገ ነገር አለ ለማለት የሚያበቃ ምልክት አላይም።

ያለፈውን የሚቆጥሩ ጌሞች የሉም ማለቴ ግን አይደለም። ቆጠራው የሚኖረው ሠሪው አስቦ ሲጽፈው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጌንሺን ኢምፓክት ትልቁን ሽልማት በአንድ ሙከራ የማግኘት ዕድሉ 0.6 በመቶ ነው፤ ሆኖም 89 ጊዜ ያጣ ሰው 90ኛው ላይ ያለ ጥርጥር ያገኛል። በእንዲህ ዓይነቱ ጌም «ቀርቦልኛል» ማለት ትክክል ነው፤ ሠሪዎቹም ይህንን በግልጽ ጽፈውታል።

ጥርጣሬህን ልታውለው የሚገባው ዕድሉ በገንዘብ የሚሸጥበትና ቁጥሩ የሚደበቅበት ቦታ ላይ ነው። በደቡብ ኮሪያ የሆነውን ልንገርህ። ሜፕልስቶሪ በተባለው ጌም የመሣሪያን ኃይል በዕጣ የሚቀይሩ፣ በገንዘብ የሚገዙ ኪዩቦች ነበሩ። ኔክሰን የተባለው ኩባንያ ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ ተፈላጊዎቹ ውጤቶች የሚወጡበትን ዕድል ቀነሰ፤ ከ2011 እስከ 2021 ደግሞ አንዳንዶቹ ተፈላጊ ጥምረቶች ፈጽሞ እንዳይወጡ አደረገ። ለተጫዋቾቹ አልነገራቸውም። ዕድሉ ዜሮ ለሆነ ነገር ሰዎች ለዓመታት ከኪሳቸው ከፈሉ። ይህ ጉዳይ ዛሬም ያናድደኛል፤ የዕጣ ሒሳብ የሚከበረው ቁጥሩ እውነተኛ ሲሆን ነው። የአገሪቱ የንግድ ውድድር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ኩባንያውን ወደ 11.6 ቢሊዮን ዎን ቀጣው፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይም በገንዘብ የሚገኙ ዕጣዎችን ዕድል በግልጽ ማሳወቅ በሕግ ግዴታ ሆነ። ቻይና ተመሳሳይ ግዴታ ሥራ ላይ ያዋለችው ቀደም ብላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እንግዲህ አንተም ወንድምህም ወደፊት ለዕጣ ገንዘብ የሚያስከፍል ጌም ካጋጠማችሁ፣ ቁጥሩ ተጽፎ ካላያችሁ አትክፈሉ።

ወደ ጅራፉ ልመለስ። ውጊያው ራሱ ደስ የሚልህ ከሆነ ቀጥል። ከሰለቸህ ግን ጅራፉ በጌሙ ገበያ፣ በግራንድ ኤክስቼንጅ፣ በጌሙ ሳንቲም ይሸጣል፤ ከ1,500 ጭራቅ የሰበሰብከውን ሽጠህ ለዋጋው መነሻ ታደርገዋለህ። አካውንትህ አይረንማን የሚባለው ዓይነት ከሆነ ግን ከሌሎች ጋር መገበያየት ስለማይፈቀድልህ ያለህ መንገድ መግደል ብቻ ነው።